የፓርቲ ስም አይቀየርም፣ መራጩ ግን ይሄዳል

የአሜሪካ ፖለቲካ ሲነሳ «ሪፐብሊካን እኮ ባርነትን የታገለው የሊንከን ፓርቲ ነው» የሚል አይጠፋም። «ዴሞክራት የሠራተኛው ፓርቲ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም በዘመናቸው ልክ ነበሩ። የዛሬውን ምርጫ ግን አያስረዱም። ፓርቲን በአያቶቹ ሥራ መመዘን ይብቃ እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1860 ሊንከን ሲያሸንፍ ባርነት የነበረበት ደቡብ አብዛኛው አንድም ድምፅ አልሰጠውም። ዛሬ ያው ደቡብ የሪፐብሊካን ምሽግ ነው። ብዙ ሰው ለውጡ በ1964 በአንዴ የመጣ ይመስለዋል። በዚያ ዓመት ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ፈረሙ። ሕጉን የተቃወሙት ሪፐብሊካኑ ጎልድዋተር በምርጫው ክፉኛ ተሸነፉ። አምስት የደቡብ ግዛቶችን ግን ወሰዱ። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። በምክር ቤት ሕጉን በመደገፍ ከዴሞክራቶች ይልቅ የሪፐብሊካኖች ድርሻ ይበልጥ ነበር። ተወካዮቹ የተከፋፈሉት ከፓርቲ ይልቅ በአካባቢ፣ ደቡብና ሌላው ተብለው ነበር።

ደቡቡም ወዲያው ጠቅልሎ አልሄደም። ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን የሚመርጠው ሰው ለምክር ቤት የለመደውን ዴሞክራት መምረጡን ቀጠለ። ሪፐብሊካኖች ከደቡብ የምክር ቤት ወንበሮች አብዛኛውን የያዙት ገና በ1994 ነው። 30 ዓመት ፈጀ! ነባሮቹ ተወካዮች ጡረታ መውጣት፣ አዲስ ትውልድም መምጣት ነበረበት።

ጉዳዩ የዘር ብቻም አይደለም። የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አገር የሆነችው ዌስት ቨርጂኒያ በ1996 ቢል ክሊንተንን መርጣ ነበር። ከ2000 ጀምሮ ግን ለፕሬዚዳንት ዴሞክራት መርጣ አታውቅም። ቨርሞንት በተቃራኒው ከ1856 እስከ 1960 ሪፐብሊካን ብቻ ነበር የምትመርጠው። አሁን ከዴሞክራቶች ታማኝ ግዛቶች አንዷ ናት። በብሪታንያም የሠራተኛው ፓርቲ ሌበር ለአሥርት ዓመታት የእኔ ናቸው ካላቸው የሰሜን እንግሊዝ የሠራተኛ አካባቢዎች የምክር ቤት ወንበሮች ብዙዎቹን በ2019 አጣ።

እንዲህ ሲሆን «መራጩ ተታለለ» መባሉ በጣም ያናድደኛል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሲዳከም፣ ፓርቲው ፊቱን ወደ ተማረው ከተሜ ሲያዞር ሰውየው እያየ ነበር። ቅሬታውን የሚሰማው ሲያጣ ሄደ። ያመነበት ሁሉ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የሄደበት ምክንያት አለው።

ጉዞው አሁንም አላበቃም። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው) የሆነው የቴክሳሱ ስታር ካውንቲ ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን የመረጠው በ1892 ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና በ2024 ደገመው። ዴሞክራቶች እዚያ ሄደው «ምን ነካችሁ?» ከሚሉ «ምን አጎደልንባችሁ?» ቢሉ ይሻላቸዋል።