ገዳዩ ምሰሶ፣ አሳዳጊው ምሰሶ

ሳከር ጭልፊት የራሱን ጎጆ አይሠራም። ቁራ ወይም ሌላ ትልቅ ወፍ ሠርቶ የተወውን ይወርሳል፤ ካጣ ደግሞ ገደል ላይ ባገኘው ጠርዝ እንቁላሉን ይጥላል። አገሩ ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ ሞንጎሊያና ቻይና የሚዘልቀው የሣር ሜዳ ነው፤ በዚያ ዛፍ ብርቅ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ለዚህ ወፍ ሀብት ነው፦ ያርፍበታል፣ አይጡንና የመሬት ሽኮኮውን ይቃኝበታል፣ ይፈለፍልበታል። የሰው ልጅም ሜዳው ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ተከለለት።

ስለ ሳከር መመናመን ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በወፍ አጥማጆች ላይ ነው። ሐሰት አይደለም። ስሙ ራሱ የመጣው «ሰቅር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ለአደን የሚያሠለጥኑት ሰዎች ለዘመናት ሲፈልጉት ኖረዋል፣ በተለይ ከወንዱ የምትገዝፈውን ሴቷን። ሆኖም በሞንጎሊያ ሜዳ ላይ ማንም ሳያስበው፣ ማንንም ሳይጠቅም በኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚደርሰው ሞት ከዚያ ባላነሰ ሊያስቆጣን ይገባል ባይ ነኝ።

ሽቦ ላይ ብቻ ያረፈ ወፍ ምንም አይሆንም። ችግሩ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመሮችን የሚሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ ነው። አናቱ ላይ ከመሬት ጋር የተገናኘ የብረት አግዳሚ አለው፤ ሽቦው ደግሞ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ አጭር ሸክላ ተለይቶ ከብረቱ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። የሳከር ክንፍ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ብረቱ ላይ ቆሞ ክንፉ ወይም ጅራቱ ሽቦውን ከነካ አበቃ። ጊዜው የመታቀፊያ ወቅት፣ የሞተውም ወንዱ ከሆነ ጉዳቱ በእሱ አያበቃም። እናቲቱ አንድ ወር ያህል እንቁላሎቿን ታቅፋ ስትቆይ ምግብ የሚያመጣላት እሱ ነበር፤ እሱን ስታጣ ጎጆውን ጥላ ለማደን ትወጣለች።

ወደ ሃንጋሪ እንሂድ። እዚያ እጅግ ተመናምኖ የነበረው ሳከር እንዲያገግም ከረዱት ነገሮች አንዱ በረጃጅም የከፍተኛ ቮልቴጅ ማማዎች ላይ የተሰቀለለት የጎጆ ሣጥን ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ጥንዶች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በእነዚህ ማማዎች ላይ ነው። ሽቦውና ብረቱ በጣም ስለሚራራቁ ወፉ ሊያገናኛቸው አይችልም። ኃይሉ የበረታው መስመር ያኖረዋል፣ ደከም ያለው ይገድለዋል። ልዩነቱ ርቀት ነው።

ሞንጎሊያ ለዚህ ወፍ ግድ የላትም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜዳዋ ላይ 5,000 ያህል ሰው ሠራሽ ጎጆዎች ተተክለዋል፤ በ2012 ደግሞ ብሔራዊ ወፏ አድርጋዋለች። በዚያው ዓመት ነው ሳከር በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ የተመደበው። ታዲያ እዚህ ጎጆ ተክሎ እዚያ የሚገድል ምሰሶ ማቆም ምን ይባላል?

የገጠር አርብቶ አደር መብራት አያግኝ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ደግሞስ ወፍ ምሰሶ ላይ ሲቃጠል መስመሩም ሊቋረጥ ይችላል። ለአዲስ መስመር ገንዘብ የሚሰጡ አበዳሪዎችና መንግሥታት ለወፍ የማያሰጋ ንድፍን ከመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት። በነባሮቹ ላይ በአግዳሚው አቅራቢያ ያለውን ሽቦ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን መልበስ ይቻላል። ሥራው መጀመር ያለበት አይጥ በሚበዛባቸው ሜዳዎች ከሚያልፉት መስመሮች ነው፤ ጭልፊቶቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነውና።