አንደርግራውንድ አትላንታ፦ ይታደስ ወይስ ይብቃው?

የአትላንታ መሃል ከተማ፣ ከመንገድ በታች ያለው የድሮ ገበያ፣ ሁለት ጊዜ ታድሶ ሁለቴም ከስሯል። አሁንም ይሞከራል። እዛው ከተማ የሚኖሩ ሁለት አበሾች ተከራከሩበት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ይታደስ፦ ሰው ተቆፍሮ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ድሮ በሐዲዱ ዳር ሱቅና መጠጥ ቤት የነበረበት መንገድ ነው። መኪና ሲበዛ ከተማዋ በ1920ዎቹ ከሐዲዱ በላይ ድልድይ ዘረጋች፣ መንገዱ አንድ ፎቅ ከፍ አለ፣ ነጋዴውም ዕቃውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ የድሮዎቹ ሱቆች ከታች መጋዘን ሆነው ቀሩ። አትላንታ በ1864 የተቃጠለች ከተማ ናት፣ አሮጌ ነገር ብዙ የላትም። ያለውንም እንዝጋው?

ይብቃ፦ ከታሪኩ ጋር ጸብ የለኝም ወንድሜ፣ ጸቤ ከሂሳቡ ጋር ነው። በ1969 የምሽት መዝናኛ ሆኖ ተከፈተ። ለጊዜው ደመቀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጭር ብሎ ተዘጋ። በ1989 ከመንግሥትም ከግልም 142 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት እንደገና ተከፈተ። ከተማው በ2017 በስንት ሸጠው? 35 ሚሊዮን በማይሞላ! ዕቁብ ቢሆን ሰብሳቢው አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር።

ይታደስ፦ የመጀመሪያውን ጊዜ እኮ የጎዳው ማርታ የሚባለው የከተማ ባቡር ግንባታ ነው፣ ከፊሉን አፈረሰው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሞል ተሠራ፤ የትም የሚገኝ ሱቅ፣ ካናቴራ ሻጭ። ሌኖክስ ሞል እያለ ለዚህ ማን ይመጣል? የኮካ ኮላ ሙዚየምም በ2007 ከጎኑ ተነስቶ ሄደ። አሁን ግን ማስከሬድ የሙዚቃ አዳራሹን ይዞ ገብቷል፣ ወጣቱ ይመጣል። ሞል ሳይሆን ሰፈር ይሁን ነው የምልሽ።

ይብቃ፦ ሙዚቃው ሲያልቅ ያ ወጣት ቀጥታ ወደ መኪናው ነው። ሰፈር የሚሆነው ሰው ሲኖርበት ነው። ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ክላርክስተን ላይ የእኛን ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈተው የማንም እድሳት አይደለም፤ መጀመሪያ ሰው ገባ፣ ሱቁ ተከተለው።

ይታደስ፦ መኖሪያ ቤት ይሠራ፣ ማን ጠላ? ግን ቦታውን አስቢው እህቴ። የማርታ መስመሮች በሙሉ የሚገናኙበት ፋይቭ ፖይንትስ ጣቢያ አጠገቡ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ይብቃ፦ ጣቢያው በ1989ም እዛው ነበር።