ማስተካከያ፦ ኤሪትሮፖይቲን ስቴም ሴሉን አያዝም

ባለፈው ስለ ደም ስቴም ሴሎች (የደም ሴሎች ሁሉ ስለሚወጡባቸው እናት ሴሎች) በወጣው ጽሑፍ ላይ «ከኩላሊት የሚመነጨው ኤሪትሮፖይቲን መቅኒ ውስጥ ያለውን ስቴም ሴል ቀይ የደም ሴል እንዲሆን ያዘዋል» የሚል አለ። ይሄ ይስተካከል። ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው ሆርሞን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ወደ ቀይነት መንገድ የጀመሩትን ሴሎች እንዳይሞቱ ይጠብቃቸዋል እንጂ ዕጣቸውን አይወስንም። በ1995 የወጣ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎታል፦ ኤሪትሮፖይቲን ወይም ተቀባዩ (ሴሉ ላይ ሆኖ ኤሪትሮፖይቲንን የሚቀበለው ፕሮቲን) በሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ውስጥ ለቀይነት የተዘጋጁት ሴሎች ነበሩ፣ የጠፋው የበሰለው ቀይ ሴል ነው፣ ፅንሶቹም በ13ኛው ቀን ገደማ ሞቱ።

ታዲያ ማን ይወስናል? አንድ ፕሮቲን ብቻውን አይደለም። ኒውክሊየስ ውስጥ ጂን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጋታ-1 እና ፒዩ-1 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ እርስ በርስም ይጠላለፋሉ። ጋታ-1 ካየለ ሴሉ ወደ ቀይ ሴልና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው)፣ ፒዩ-1 ካየለ ደግሞ ወደ ነጭ ሴሎች ያዘነብላል። እሱም ቢሆን ያለቀለት ጉዳይ አይደለም፤ በ2016 ሴሎችን አንድ በአንድ የተከታተለ ጥናት የሁለቱ ግብግብ ውሳኔውን እንደማይጀምረው፣ የተጀመረውን እንደሚያጸና ነው የጠቆመው።

በዚያው ጽሑፍ ለኩላሊት ሕመምተኞች ስለሚሰጠው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ የተጻፈው ግን ልክ ነው፣ እሱ እንዳለ ይቀጥላል።