ሳይበሉ ስለ መጥገብ

የጥንት አባቶቻችን የዋሆች ነበሩ። ሰው ሰውን የሚንቀው ሆዱ ሲሞላ ብቻ ስለመሰላቸው፣ ከግእዙ «ጸግበ» ጋር በሚዛመደው «ጠገበ» በተባለው አንድ ቃል በልቶ መርካትንም ማናለብኝነትንም ጠሩበት። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ ለፈርዖን የነገረው የሰባት ዓመት ጥጋብ የእህል ጥጋብ ነው፤ በዘዳግም 32 ደግሞ ሕዝቡ በልቶ ጠግቦ ከወፈረ በኋላ ይራገጣል። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ገበታ፣ ቀጥሎ እርግጫ።

የዘመናችን ጥጋበኛ ግን ገበታውን ዘሎ በቀጥታ እርግጫው ላይ መድረስ ችሏልና ምስጋና ይገባዋል። ሰሞኑን በአንድ የአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ጎልማሳ፣ ማንም ያልደወለበትን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሰልፉን ከጭራው እስከ ራሱ በእርጋታ ጎበኘና ከፊት ቆመ። «ምን አጥግቦት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚያሻው ምሳውን ለማስላት ሞከርኩ። በዛሬው የገበያ ዋጋ፣ ቢበዛ ከባልደረባው ጋር የተካፈለው አንድ በያይነቱ ነው፤ ከዚያም ላይ ሽሮውን ባልደረባው ቀድሞታል እንበል። ከቀረችው ጎመንና ከሁለት ጉርሻ ምስር የግብፅን ሰባት ዓመት የሚያስንቅ ጥጋብ ማምረት፣ የግብርና ባለሙያዎች ሊያጠኑት የሚገባ የምርታማነት ተአምር ነው! ቁርስ ቢጨመርበትማ ሰልፉን ብቻ ሳይሆን ታክሲውንም ረግጦ ባለፈ ነበር።

ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» ቢሉት፣ «አንቺን ምን አገባሽ!» አላቸው። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። እናቱን የምታክል፣ እግሯ አብጦ የቆመች ሴት ተራዋን ነጥቆ፣ በዚያ ላይ ማዋረድ ነውር ነው፤ ድካም፣ ኑሮ ወይም ችኮላ የሚያስተባብለው ነውር አይደለም።

ወደ ምስጋናው ልመለስና፣ ባለጉዳይን ቀና ብሎ ሳያይ «ነገ ና» የሚለውም ባለመስኮት፣ እግረኛን በጥሩምባ የሚያባርረውም ሹፌር የዚሁ ማኅበር አባላት ናቸው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ጥጋብ» ለሚለው ቃል ሦስተኛ ፍቺ ቢጨምሩላቸው መልካም ነው፤ «ምግብ የማይጠይቅ፣ ሌላ ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ስፍራ ሁሉ የሚገኝ» ተብሎ።