እርማት፦ የቮልስን ባትሪ የሚጨርሰው አላርሙ አይደለም

ጋሼ፣ «አሮጌ ቮልስ ላይ አላርም ከተገጠመ ባትሪው በአንድ ሌሊት ያልቃል» ብለዋል። እዚህ ደብረ ማርቆስም ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ልክ አይደለም።

እስቲ እናስላው። ደህና አላርም መኪናው ቆሞ ሳለ የሚወስደው 20 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። በቀን ግማሽ አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል።

በአንድ ሌሊት ካለቀ ሌላ ጣጣ አለ ማለት ነው። የእኔም ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲል ሁሉም አላርሙን አስነቅል አሉኝ። የኋላ ወንበሩን አነሳሁ፤ ባትሪው እዚያ ሥር ነው። የባትሪው ጫፎች ነጭ ዱቄት ለብሰዋል፣ የማሳው ገመድ (ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው) ላልቷል። ለካ በደንብ ቻርጅ አያደርግም ነበር! በብሩሽ ፈትጌ አጠበቅኩት። አላርሙ ዛሬም አለ።

ሲገዙ ግን ቮልቱን አደራ! እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተሠሩ አብዛኞቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው። ገበያ ላይ የሚገኘው አላርም ደግሞ የ12 ነው፤ እንዲሁ ቢያገናኙት በትክክል አይሠራም።

ጩኸቱም ብቻውን ሌባ አያቆምም። ሞተሩ እንዳይነሳ፣ ወደ ኮይል (ለካንዴላ ብልጭታ ኃይል የሚሰጠው) የሚሄደውን መስመር የሚቆርጥ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያስገጥሙ። ለአላርሙም ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው።