አንድ ገዢ፣ አገር ሙሉ አድማጭ

አንድ አልበም ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ዘፋኙ ያወጣዋል። ያ ብዙ ወጪና ብዙ እንቅልፍ ማጣት ያለበት ነገር ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ቀጥሎ እኛ እናወጣዋለን። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ያለ ፖስተር፣ ያለ ስፖንሰር፣ ያለ ፈቃድ። ለመጀመሪያው አወጣጥ መግለጫ ይሰጣል፣ ኬክ ይቆረሳል። ለሁለተኛው ግን እስካሁን አንድ ሰው ተነስቶ እግዜር ይስጥልን አላለም። ዛሬ እኔ ልበል።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ኦሪጅናል ካሴት ይገዛ ነበር። አንድ። ማን እንደሚገዛው አይታወቅም፤ ብቻ ሁልጊዜ አንድ የዋህ አይጠፋም። «እነ እገሌ ቤት አለ» ከተባለ በኋላ ባዶ ካሴት ይዞ መሄድ ነው። ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን ከቀበሌ ሊቀመንበር በላይ ይከበራል። ቡና ይጠራል፣ ጠላ ይቀዳለታል። እሱም ይቀዳል።

ባዶዋ ካሴት የ60 ደቂቃ ናት። አንዱ ጎኗ 30 ደቂቃ። ዘፋኙ ይህን አስቦ አይሠራም። ስለዚህ የአንደኛው ጎን የመጨረሻው ዘፈን፣ ልክ አዝማቹ ላይ ሲደርስ፣ ቋ! ይላል። ከቋ በኋላ ያለውን አናውቀውም። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ያ ዘፈን ሲመጣ የኛ ሰፈር ልጆች እዚያች ቦታ ደርሰን ቀጥ እንላለን። ሌላው ሰው ይቀጥላል። እኛ እንተያያለን። ለዓመታት «ዘፋኙ ምነው አሳጠረው?» ብለን ስናማው ኖረናል እኮ።

የራሳችንን ልጅ እንውሰድ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ የተወለደችው ቻግኒ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም ስታወጣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ የቦብ ማርሌን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው ክሪስ ብላክዌል የመሠረተው ድርጅት። የጃዝ ፒያኖ ሊቁ ኸርቢ ሃንኮክ ተጫውቶበታል። ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ሳክስፎን ነፍተውበታል። በ2003 ላስዌል ያንኑ ሥራ እንደገና አሽቶ፣ በሌላ ቃና አወጣው። በ2006 ደግሞ ከራሳችን ቅኔ ቤት ስሙን የተዋሰ ሌላ አልበም ተከተለ፤ ወርቅና ሰም፣ በእንግሊዝኛ።

ይህ የፈረንጆቹ መዝገብ ነው። የኔ መዝገብ ግን አጭር ነው። እኔ ከአጎቴ ልጅ ቀዳሁ፣ የአጎቴ ልጅ ከጓደኛው ቀዳ፣ ጓደኛው ከሚኒባስ ሾፌር። ሾፌሩ ከማን እንደቀዳ ታሪክ አልመዘገበውም። ካሴቷ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጂጂ አዲሱ» ተብሎ ተጽፏል። ስድስት ዓመት ሙሉ «አዲሱ» ነበር።

ከበስተጀርባው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነበረው። እኔ ዝናብ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ቻግኒ ዝናብ ይበዛል፣ አገሯን አስባ ያስገባችው ነው እያልኩ ለሰው ሳይቀር አስረድቻለሁ። ኋላ ጥርት ያለውን ስሰማ ደነገጥኩ። «ሳክስፎን አለው እንዴ?» እነዚያ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምረው የነፉት ነገር ዳሞት ሲደርስ ክረምት ሆኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዝናቡን አሁንም እመርጣለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ጎጃሜ የሰው ሀቅ አይነካም። ድንበር የገፋ ሰው አገራችን ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። አንዲት ትልም ተገፋሁ ብሎ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ሲመላለስ የሚያረጅ ሰው አለ። ያው ሰው ግን ከብት ሲጠብቅ አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥላት ሬዲዮ ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ካርድ 800 ዘፈን ይዛለች። አንዷንም አልገዛት። «አያ፣ ይሄስ የሰው አይደለም ወይ?» ብትሉት ከልቡ ያዝንባችኋል። ትልም ሲወሰድ ይጎድላል። ዘፈን ግን ተወስዶም እዚያው አለ። ምኑ ተነካ?

ቅኔውም አለ። ዋሸራ ቅኔ ቤት የኛ፣ ጎንጅ የኛ። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተቀኘ ተማሪ መምህሩ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። ፍላሽ ላይ ቢጭነው ግን ማን ይናገረዋል?

ደግሞ ጎጃሜ ለሙዚቃ አይከፍልም የሚል ካለ ውሸታም ነው። አዝማሪ ግንባር ላይ 100 ብር የምንለጥፍ ሰዎች ነን። ስማችንን ጠርቶ፣ አባታችንን አንስቶ ሁለት ስንኝ ከገጠመማ 200። ያውም ተበድረን። ችግሩ የአልበሙ ዘፋኝ ግንባሩን ይዞ ያለመምጣቱ ነው። ስቱዲዮ ተቀምጦ «አልበሜን ግዙ» ይላል። የት ላይ እንለጥፍልህ?

ሕጉንም አክባሪዎች ነን። ስለ ቅጂ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለክልም። አንድ ይላል። እኛስ ስንት ወሰድን? አንድ። ጎረቤቴም አንድ። የጎረቤቴ አማችም አንድ። አገር ሙሉ ሰው ለየራሱ አንድ አንድ። እዚያው አዋጅ ውስጥ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ስለማሰር የሚያወራ አንቀጽ አለ ይባላል። እሱ ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጥቶ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል። ደስ ብሎናል። ግን ቢልቦርድ ብሉቱዝ አይቆጥርም። ቢቆጥር ኖሮ የማርቆስ መናኸሪያ ብቻውን ጉድ ያፈላ ነበር።

ዘፋኙ ታዲያ አምስት ስድስት ዓመት ዝም ሲል ማን ይቆጣል? እኛ። «ሰነፈ» እንላለን። «ገንዘብ ሲያገኝ ረሳን» እንላለን። የትኛው ገንዘብ እንደሆነ አንጠያየቅም።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ዘፈን ላስጭን ሄድኩ። ሱቋ ከአንድ ታክሲ የኋላ ወንበር አትሰፋም። ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደር በፎልደር ደርድሯል፦ «የሠርግ»፣ «የድሮ»፣ «የመኪና»፣ «የፍቅር የሚያስለቅስ»። ፍላሼን ሰጠሁት።

«ኦሪጅናል ነው አይደል?» አልኩት። በጥራት አልደራደርም።

«ከኦሪጅናል የተቀዳ ነው ጋሼ። የኔ እንደሌሎቹ አይደለም።»

«ስንት?»

«ሙሉ አልበሙ 20 ብር።»

«20 ብር! ለአንድ አልበም?» አልኩ። ተከራከርን። 15 ላይ ተስማማን፤ እሱም ሁለት አልበም መርቆልኝ።

ሲጭን እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት። ዘፈኑ ጀመረ። ክራሩ ገባ፣ ማሲንቆው ተከተለ፣ ልቤ ስፍስፍ አለ። አዝማቹ ላይ ሊደርስ ሲል አንድ ጎርናና ድምፅ ጣልቃ ገባ። «ይህን ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛትና መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።»

«ይቺን ነገር አንሳልኝ» አልኩት። «ዘፈኑን አበላሸችው።»

«ይቻላል ጋሼ። ግን እያንዳንዱ ዘፈን ላይ አለች። መቁረጡ ሥራ አለው፤ 10 ብር ይጨምራሉ።»

ልጁ ለፍቶ አዳሪ ነው። ሳልከራከር ከፈልኩት።