ከርነሉ ቀኑን ይጻፍ ወይስ ቁጥሩን ብቻ?

የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት) በሚጽፈው መልእክት ፊት በቅንፍ የታጠረ ቁጥር ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ከተነሣ ወዲህ የተቆጠሩት ሰከንዶች ናቸው፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይከተላቸዋል። ቀንም ሰዓትም የለውም። ይህ ይበቃል ወይ? በሚለው ጥያቄ ላይ አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪና አንድ የከርነል ኮድ ጸሐፊ ተከራክረዋል።

አስተዳዳሪው፦ አይበቃም። የደረሰብኝን ልንገርዎት። አንድ ሰርቨራችን ፋይሎቹን በኔትወርክ በኩል ከሌላ ማከማቻ ነበር የሚያገኘው። አንድ ሌሊት ግንኙነቱ ተቋረጠ። መሐል ላይ ሆኖ ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊች የተበላሸበትን ሰዓትና ደቂቃ በራሱ መዝገብ ላይ ጽፏል፤ ከርነሉ የሰጠኝ ግን 8640312.451907 የሚል ቁጥር ነው። ማሽኑ ለ100 ቀናት ሳይጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ወደ ቀንና ሰዓት ብለውጠው የሰርቨሩ መልእክት ከስዊቹ ብልሽት 3 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ታየ። እንግዲያው ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ብለን ጤነኛውን የኔትወርክ ካርድ ነቅለን ጣልን። ቀድሞ የሞተው ግን ስዊቹ ነበር።

ያ 3 ደቂቃ ከየት መጣ? ቁጥሩ የሚወሰደው ከፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ነው፤ የማሽኑን ዋና ሰዓት በኔትወርክ የሚያርመው ኤንቲፒ እርሱን አይነካውም። ቆጣሪው ከሚሊዮን 20 እጅ ብቻ ቢዘገይ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በ100 ቀን 173 ሰከንድ ገደማ ይጎድላል። ትእዛዙ የማሽኑን መነሻ ሰዓት ከታረመው ሰዓት ያሰላና ባልታረመው ቁጥር ላይ ይደምረዋል። ይህን የማያውቅ ሰው የሚያየው ንጹሕ፣ እስከ ሰከንድ የተጻፈ ውሸት ነው።

ኮድ ጸሐፊው፦ የነገሩኝ ታሪክ የእኔን ክርክር ይደግፋል። ቁጥሩ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ማንንም ባላሳሳተ፤ ያሳሳተዎት ወደ ቀን የተለወጠው ነው። ከርነሉ ራሱ ቀን ይጻፍ ሲሉ ግን የማሽኑ ሰዓት ምን ያህል ወላዋይ እንደሆነ ያስቡ። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የሌላቸው ትናንሽ ቦርዶች ሲነሡ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ነን ይላሉ፤ ኤንቲፒ ሲደርስላቸው በአንዴ ከ50 ዓመት በላይ ይዘላሉ። ሰዓቱ ቀድሞ ከነበረም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መዝገቡም ልጅ ከአባቱ የሚቀድምበት ይሆናል።

እኔ መዝገብ የማነብበው በሁለት መስመሮች መካከል ስንት ጊዜ እንዳለፈ ለማወቅ ነው። ዲስኩ ተጠይቆ መልስ እስኪሰጥ ስንት ማይክሮሰከንድ ፈጀ? ይህን መቀነስ የምችለው ወደ ኋላ በማይሄድ ቆጣሪ ብቻ ነው። ደግሞም የታመመው ሰዓቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 ማብቂያ ላይ በዓለም አቀፉ ሰዓት አንድ ሰከንድ ስትጨመር የሊኑክስ ጊዜ ጠባቂዎች በአንድ ሰከንድ ተዛነፉ፤ መተኛት የሚገባቸው ፕሮግራሞች ወዲያው እየነቁ ፕሮሰሰሩን ወጠሩት። በሽተኛውን ስለ ራሱ በሽታ ብቸኛ ምስክር ማድረግ ይፈልጋሉ?

አስተዳዳሪው፦ የእርስዎም ቆጣሪ እኮ ይተኛል። ላፕቶፑን ለ8 ሰዓት ዘግተው ሲከፍቱት ቁጥሩ ከተወበት ይቀጥላል፤ ያ ሌሊት ከመዝገቡ ላይ የለም። ወደ ኋላ አለመሄድና እውነት መናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኮድ ጸሐፊው፦ እውነት ነው፣ የእንቅልፉን ጊዜ አይቆጥርም። ነገር ግን ቀንና ሰዓት የሚፈልግ ሰው ጆርናልዲ የተባለው መዝገብ ያዥ ፕሮግራም አለለት፤ የከርነሉን መልእክት ተቀብሎ ከቁጥሩ ጎን ሰዓት ያኖርለታል።

አስተዳዳሪው፦ ጆርናልዲ የሚጽፈው መልእክቱ እጁ የገባበትን ሰዓት እንጂ የተወለደበትን አይደለም። ማሽኑ ሲነሣ እርሱ ከመጀመሩ በፊት የተጻፉት ሁሉ አንድ ላይ ይደርሱታል። ከርነሉ ሲወድቅ ደግሞ አብሮ ይወድቃል። በሲሪያል መስመር፣ ማለትም መልእክቱን በቀጥታ ወደ ሌላ ማሽን በሚያወጣው ገመድ፣ የሚተርፈኝ የመጨረሻ ኑዛዜ ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ያ ኑዛዜ ነው።

ኮድ ጸሐፊው፦ በዚያች ቅጽበት ግን ሰዓት ማንበብ ቀላል እንዳይመስልዎት። መልእክቱ ፕሮሰሰሩ ሊከለክለው ከማይችል የሃርድዌር ጥሪ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል። ሰዓቱን የሚያድሰው ኮድ መቆለፊያውን (ሌላ ኮድ በመሐል እንዳይገባ የሚያግደውን) ይዞ ሳለ ያ ጥሪ ቢመጣና መልሶ መቆለፊያውን ቢጠብቅ፣ ማሽኑ ያለ ቃል ደርቆ ይቀራል።

አስተዳዳሪው፦ ከርነሉ መቆለፊያ ሳይጠብቅ ሰዓት የሚያነብበት ፈጣን መንገድ አለው፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጥቂት ናኖሰከንድ ቢያፈገፍግም እኔ የምፈልገው ደቂቃውን ነው! በእያንዳንዱ መስመር ላይም አልጠይቅም። ማሽኑ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሰዓቱ ሲዘል፣ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ ሲወድቅም በመጨረሻ፣ «ይህ ቁጥር ከዚህ ቀንና ሰዓት ጋር ይገጥማል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። በሁለት እንዲህ ባሉ መስመሮች መካከል ያለውን የቆጣሪ መዛነፍ እኔው አሰላዋለሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ቁጥሩን አይነካም፣ ሰዓቱ ቢሳሳትም የሚሳሳተው አንድ መስመር ነው። የየሰዓቱን ግን አልቀበልም። የመልእክቱ ማከማቻ እንደ ቀለበት የሚዞር ነው፤ ሲሞላ አሮጌው በአዲስ ይተካል። ለ100 ቀን በየሰዓቱ ቢጻፍ 2400 መስመር ነው፤ ሥራ በሌለው ማሽን ላይ ማሽኑ የተነሣበትን ታሪክ ጠርጎ ሊያጠፋው ይችላል።

አስተዳዳሪው፦ በቀን አንድ ጊዜስ?

ኮድ ጸሐፊው፦ በቀን አንድ ጊዜ ይሁን። 100 መስመር ቀለበቱ ይችላል።